ጨርቅ የለበሰ ቴሌቪዥን

«ይኼ ልጅ እኮ ይሰማናል» አለ እንግዳው።

«ይስማ» አለ አባቴ። «እሱ ይሰማል እንጂ አያወጣም።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተባለውን አላስታውስም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ የእንግዳው ጫማ ጭቃ በጭቃ ነበር። ስለ አንድ ዘመዳችን ክፉ ነገር ይነጋገሩ እንደነበር ከድምፃቸው ክብደት ይታወቀኛል። ምናልባት አባቴ ያለው ልክ እንደዚያ ላይሆን ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ሰው የሰማውን ሊሰማ ከፈለገው ጋር ይቀላቅላል። ግን ከአባቴ አፍ ምስጋና የሚመስል ነገር ሲወጣ የመጀመሪያው ስለነበር እንደ አደራ ያዝኩት። ታላቅ እህቴ በበኩሏ ከዚያን ቀን ጀምራ «ጆሮ» አለችኝ። ወልጄ ከብጄ፣ ፀጉሬ ገብስማ ሆኖም ለእሷ ጆሮ ነኝ።

መተዳደሪያዬም ከዚሁ ሆነ። የምሠራው በአንድ የድምፅ ክምችት ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ የተቀዱ ካሴቶች ይመጡልኛል፤ ማዳመጫ አጥልቄ እሰማቸዋለሁ፣ ማን ስለ ምን እንደሚናገር እለያለሁ፣ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ መቅረጫው ሲሰበር እየፈታሁ፣ ሌላው ሲጠግን እያየሁ ለመድኩት። ቀኑን ሙሉ የሞቱ ሰዎችን ሳቅ ሲሰማ የሚውል ሰው ብዙ ማውራት አይሆንለትም። ጠዋት መሣሪያውን ከመክፈቴ በፊት «ጌታ ሆይ፣ የሰው ገመና በእጄ ነውና ጠብቀኝ» እላለሁ። ሌላ ረጅም ጸሎት አላውቅም።

ይህችው እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ መንገድ ዳር ያለውን ሳሎን መሥሪያዋ አድርጋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋበታለች። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው። ፊት ለፊቱ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ የራሱ ልብስ አለው፤ እሷው ጠርዙን በጥልፍ የዘጋችው ነጭ ጨርቅ ነው። አይታ ስታበቃ ሪሞቱን ትጫንና ጨርቁን ትጥልበታለች።

«ያልተሸፈነ ቴሌቪዥን ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ሰው ይመስለኛል» ትላለች።

ከተሸፈነ ተኝቷል ማለት ነው። የቤታችን ሰው ሁሉ ይህን እንደ ሕግ ይዞት ኖሯል። የሆድ የሆዱን ማውራት የፈለገ መጀመሪያ ጨርቁን ያለብሳል፣ ከዚያ ወንበሩን ያስጠጋል።

ኋላ «ማስቲካ» ያልናትን ዕቃ ያመጣት አማቿ ነው። የልጇ ባል ያገለገሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይሸጣል፤ ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሸሚዙ ኪስ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ነገር አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት።

«እማማ፣ ይህች ምን ትመስልዎታለች?»

«ማስቲካ።»

«ሙሉ ኮምፒውተር ናት!»

«እንግዲያው ይችን እናቷ አላጠባቻትም።»

ሳቅን። እሱ ቴሌቪዥኑን ዞር አድርጎ ከጀርባው ሰካት፤ የራሷን ቻርጀር ከቁም ሳጥኑ ኋላ ባለው ሶኬት ላይ አደረገ፤ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ካሜራ አጣበቀ። ቴሌቪዥኑ ኮምፒውተር ሆኖ ቁጭ አለ። ደንበኞቿ በስልክ የሚልኩላትን የኮሌታና የኪስ ቅድ እትዬ በትልቁ አየችው፤ ስፌቱ የገመድ ያህል ወፍሮ። እጇን ዘርግታ መስታወቱን ነካካችው። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ለምን እንደበራ የገባኝ ግን ኋላ ነው።

«ብትበላሽብኝስ? ማን አለኝ?» አለች።

«አያስቡ። ሱቄ ቁጭ ብዬ ከስልኬ እገባባታለሁ። እንግዲህ ከዚህ ቤት ወጥቼም አልወጣሁም ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ። ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኑ ለካው። «እማማ፣ ይህ ክፍል እኮ ለሱቅ የተፈጠረ ነው።»

«ለእኔ ነው የተፈጠረው» አለች እትዬ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ አንድ ቀን ከሥራ መልስ ጎራ አልኩ። ጠቋሚ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቴሌቪዥኑን አጠፋች፣ ሸፈነችው፣ በሩን ገፋ አደረገችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«መርፌው በላኝ።»

«በዚህ ሁሉ ዘመን በልቶሽ አያውቅም እኮ።»

«አላየሁትማ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጆሮ፣ ግራ ዓይኔ ሄዷል። ቀኙም ዳር ዳሩ እየተበላ ነው፤ እሳት እንደነካው ጨርቅ። ቅዱን በማስቲካዋ አግንኜ ካላየሁ መቁረጥ አልችልም።»

«ልጅሽና አማችሽ ያውቃሉ?» አልኳት።

«እንዳይሰሙ! ከሰሙ ከዚህ ያነሱኛል። ልጄ ትወደኛለች፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። አንድ ክፍል ሰጥታ፣ አልጋ ላይ አስቀምጣ፣ ‹እማዬ አትንኪ፣ እማዬ አትነሺ› ትለኛለች። እኔ ከዚህች መኪና የተነሳሁ ቀን አበቃልኝ። ማልልኝ።»

«መማል አልወድም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዝም በል። ያንተ ዝምታ ከሌላው መሐላ ይሻለኛል።»

ዝም አልኩ። ለሚስቴም አልተነፈስኩ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ልጅቷ ፍራፍሬ ይዛ፣ ድምፅዋን አለስልሳ መጣች። እኔም ነበርኩ። እናቷን ሳመቻትና ጉንጯን እንደያዘች «እማዬ፣ ለምን ትደብቂኛለሽ? ግራው ጭራሽ አያይም አይደል? ባለቤቴ እንኳ እንቅልፍ አጥቷል» አለቻት።

እትዬ በደህናው ዓይኗ ወደ እኔ ዞረች። ልጅቷ እስክትሄድ ጠበቀች።

«አንተ።»

«እኔ አልተናገርኩም።»

«እና ግድግዳው ነው? አባባ ‹አያወጣም› ያለው ስለ ሌላ ልጅ ኖሯል።»

አልተከራከርኩም። የተጠረጠረ ሰው ብዙ በተናገረ ቁጥር ጉድጓዱን ያሰፋል። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ጠጣሁ፤ ወጣሁ። መንገዱን እስከ ቤቴ ድረስ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስመጣ ስለ አየሩ ታወራኛለች፤ ስለ ጎረቤት ድመት ታወራኛለች። ከእናት ልጅ ጋር ስለ አየሩ ማውራት ከስድብ ይከፋል።

ዓይን ሐኪም ዘንድ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ግን ያው እኔኑ ጠራችኝ፤ መንገድ የሚያሻግራት ያስፈልጋት ነበር። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ግራው እንደማይመለስ ነገረቻት፤ የቀኙን በምርመራ አይታ በቀጠሮ እንደምትነግራት ገለጸች። «እስከዚያ ጠብታውን እንዳያቋርጡ። እሳት አጠገብም ብቻዎን ባይሆኑ ይመረጣል» ብላ ሸኘችን።

እትዬ ቤት ስትገባ ኩርፊያዋ ጉልበት አጣ። ጨርቅ የለበሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ አለቀሰች። «በቃ፣ እሳትና መቀስ እንዳትነኪ ተባልኩ!» አለች። ሐኪሟ መቀስ የሚል ቃል አልወጣትም፤ እትዬ ናት ከሐዘኗ የጨመረችው። እኔም ላርማት አልፈለግሁም።

አማቿ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ቸኮሌት ይዞላት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ነካ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ገበያው ካወራ በኋላ ፊቱን አሳዝኖ፦

«እማማ፣ እኛ ቤት ክፍሉ ተዘጋጅቷል። የቀጠሮዎ መልስ ጥሩ ካልሆነ አንድ ቀን አያድሩም። እሳትና መቀስ ያለበት ቤት ውስጥ ለብቻዎ ተውኩዎ ብል ሰው ምን ይለኛል?»

እሳትና መቀስ። የእኔ ሥራ ድምፅ መለየት ነው፤ ሰው ሌላውን ሲደግም አውቀዋለሁ። ይህ ቃል ከሐኪሟ አልመጣም፤ ከእኔም አልመጣም። ተወልዶ የነበረው እዚሁ ሳሎን ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥኑ «ተኝቶ» ሳለ ነው።

አማቿ ከሄደ በኋላ እትዬ ልብስ ልታወርድ ወደ ጓሮ ወጣች። ተነስቼ እጄን ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰደድኩ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ መስታወቱም፣ ጀርባውም። ማስቲካዋ ግን ትሞቃለች። የታመመ ሕፃን ግንባር የነካሁ መሰለኝና እጄን ሰበሰብኩ። ሪሞቱ የሚያጠፋው ቴሌቪዥኑን ነው፤ እሷን አይደለም። የራሷ ቻርጀር አላት፣ ሁልጊዜ ትጠጣለች። ካሜራው ድምፅም ይቀበላል፤ ጨርቁ ዓይኑን ይጋርዳል። ድምፅን ግን የትኛው ጨርቅ ከልክሎ ያውቃል?

ልክ መሆኔን ማወቅ ነበረብኝ። በሰው ላይ በጥርጣሬ አልፈርድም፤ በእኔ የተፈረደው በቂዬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ውሸት ፈጥሮ እዚያው ይናገርና ይጠብቅ ነበር። የእኔ ምላስ ለዚያ አይታዘዝም። ስለዚህ እውነት ፈለግሁ፤ ማንም የማያውቀው፣ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር ያልተሰማ እውነት።

ነበረኝ። ክፍላችን ውስጥ ማዳመጫ ተበላሸ ብዬ መልሼ ነበር። ተለዋጩንም ተበላሸ ብዬ መለስኩ። ሦስተኛውን አገላብጬ ሳደርገው ነው የገባኝ። ማዳመጫዎቹ ደህና ነበሩ። የሞተው ግራ ጆሮዬ ነበር።

ጨርቁ ፊት ተቀመጥኩ። ከጓሮ የእትዬ ቆርቆሮ በር ሲንጓጓ ይሰማል። በተራ ድምፅ፣ ለሰው እንደማወራ፣ «ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አልኩ። «ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ለማንም አልነገርኩም። ለሚስቴም።»

ጨርቁ ላይ ያሉት የጥልፍ አበቦች እንዳሉ ናቸው። ንስሐ የገባሁ ያህል ከደረቴ ቀለል አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ያነዘረኝ ነገር መጣ። ንስሐ የሚገባ ሰው ቢያንስ ማን እንደሚሰማው ያውቃል።

በማግስቱ ሥራዬን ሠራሁ፤ በቀኝ ጆሮዬ ብቻ። ከዚያ እሁድ ደረሰ። እትዬ ቤት ሁላችንም ተሰበሰብን፣ ልጅቷም አማቿም። አማቿ ሁሌም ግራ ጎኔ ባለው ወንበር ነበር የሚቀመጠው። የዚያን ቀን ወንበሩን አነሳ። ዞሮኝ በቀኜ አስቀመጠውና ጎንበስ ብሎ፣ ቃላቱን እየለያየ፣ ጮክ አለ።

«ጋሼ! እንዴት ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሥራውስ፣ ጋሼ? አሁን አሁን... አይከብድዎትም?»

ልጅቷ ሳቀች። «ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው? አጎቴን ደንቆሮ አደረግኸው እንዴ?»

«ኧረ፣ እንዲያው ነው» አለ፤ ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ዓይኑን አየሁት። ከልቡ አዝኖልኛል። ክፋት ባይበት ደስ ባለኝ፤ ክፉን ሰው ቢያንስ ትሸሸዋለህ። እሱ ግን ገመናዬን በእጁ ይዞ ይራራልኝ ነበር። ልጅቷም ምንም እንደማታውቅ ከሳቋ ታየኝ፤ ባሏ የሚነግራትን ብቻ ነው የምታውቀው፣ ከየት እንዳገኘው አትጠይቅም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እትዬን ወደ ጓሮ ጠራኋት። በተሰጡት አንሶላዎች መሐል ቆመን ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «የሚስቱን እናት? እሱ? እያበድክ ነው!» አለች። ክንዷን ይዤ ወደ ሳሎን አስገባኋት፤ አንዲት ቃል ሳልናገር እጇን መርቼ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አደረስኩት። ጣቶቿ ማስቲካዋን ሲነኩ እኔን እንጂ ጨርቁን አላየችም። ተመልሰን እስክንወጣ አልተነፈሰችም።

«ትኩስ ናት» አለች፣ ጓሮ ስንደርስ።

«አዎ።»

«ለባሌ ሳለቅስለት... ሰምቷል?»

«ምን ምን እንደሰማ እሱ ያውቃል።»

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ጉልበቴን ልትይዝ ቃጣች፤ ያዝኳት። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ነቅዬ ላምጣት? አሁኑኑ ሱቁ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ላኑርለት?»

«ቆይ» አለች። «ቆይ እስቲ።»

ቆየን። በእነዚያ ቀናት ሳሎኑ ውስጥ ስንቀመጥ የሁለታችንም ድምፅ የሌላ ሰው ሆነ። ጨው አቀብለኝ ስትለኝ እንኳ ሦስተኛ ሰው እንደሚሰማት ዓይነት ቃሏን ታሳምራለች። አንዳንዴ ጨርቁን ትኩር ብላ ታይና እጇ መኪናው ላይ ይቆማል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ገልጣ ታበራዋለች፤ ኮሌታውን አግንና ቅዷን ታወጣለች። ሌላ ዓይን አልነበራትም። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ያልተቆረጠው ጨርቅ እስከ መስኮቱ ተቆልሏል።

የቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን ገልብጣ፣ መነጽሯን አውልቃ ተናገረች። ራሴን ወደ ቀኝ አዘንብዬ ሰማሁ። ቀኙም ይከተላል። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። መቼ እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ወጥተን በር ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። ፀሐዩ ሞቅ ብሏል፤ አንዲት ሴት አጠገባችን ብርቱካን ትልጣለች። እትዬ ወደ መንገዱ እያየች ነበር፤ ምን ያህሉን እንደምታየው አልጠየቅኳትም።

«ዛሬ ማታ ወሬውን ይጠብቃል» አለች።

«ይጠብቅ።»

«እኔ ‹ደህና ነኝ› ብለው አያምነኝም። ‹እማማ እየደበቁ ነው› ይላል። አንተ ፊቱ ቆመህ ብትነግረውም አያምንህም፤ እህቱ ስለሆነች ነው ይላል። ሰው ፊት ለፊት የተነገረውን ይጠረጥራል። ተደብቆ የሰማውን ግን እንደ ወንጌል ይቀበለዋል።»

ወዴት እንደምትሄድ ገባኝ። «እትዬ፣ ተይ።»

«እኔና አንተ ሳሎን እንቀመጣለን። ጨርቁን አለብሰዋለሁ። አንተ ‹ተመስገን ነው፣ የቀኝሽ ሕመም ቆሟል፣ ከዚህ በኋላ አይነካም አለች እኮ› ትለኛለህ። እኔ አለቅሳለሁ፤ ለማልቀስ አላንስም። በቃ።»

«ውሸት ነው።»

«ውሸት ነው።»

«ነቅለን እንጣላት። በግልጽ እንንገረው።»

«ከነቀልን ሥራዬም አብሮ ይነቀላል፤ ያለ እሷ አንድ ኪስ አልቆርጥም። ከነገርነው ደግሞ ልጄ ትሰማለች። ባሏ የእናቷ ሳሎን ውስጥ ተደብቆ ሲቀመጥ እንደኖረ ሰምታ አብራው ታድራለች? ሁለት ሕፃናት አሏት። እኔ ጨርቅ ስቀድ ኖሬያለሁ፤ የሰው ትዳር ግን አልቀድም።»

«እሳቱስ? አንድ ቀን እጅጌሽ ቢያያዝ? ደህና ነሽ ብዬ ስለነገርኩት ማንም ባይመጣልሽ? እኔ ነኝ የገደልኩሽ ማለት ነው።»

«ቀዝቃዛ ምግብ እበላለሁ።»

«እትዬ!»

«ጆሮ፣ ስማኝ።» እጄን ፈልጋ ያዘችው፤ መጀመሪያ ስታ መቀመጫውን ነበር የነካችው። «ይጨልማል። ያ ተወስኗል፤ አንተም ሰምተሃል። ሲጨልም የት ልሁን ነው የቀረው። መኪናዬ አጠገብ ከሆንኩ እጄ መንገዱን ያውቀዋል። እዚያ ከወሰዱኝ ግን ከነነፍሴ ነው የሚያጠፉኝ። ካንተ ሌላ ሰው የለኝም።»

ብርቱካን የምትልጠው ሴት ልጣጩን ጠቅልላ ተነሳች። እኔ በውስጤ ያችን የጠዋት ጸሎቴን ፈለግሁ፤ «የሰው ገመና በእጄ ነውና» እስከሚለው ደረስኩና ቀጣዩ ጠፋኝ። መልስ ጠበቅሁ። የመኪና ጥሩንባ፣ የሰው ኮቴ፣ የበር ድምፅ ነው የሰማሁት፤ እሱም በአንድ በኩል ብቻ።

«ጠብታውን አንድ ቀን አታቋርጪም» አልኳት።

«አላቋርጥም።»

«ምድጃውን እኔ ወስጄ ቤቴ አኖረዋለሁ። ምግብሽን ሚስቴ ትልካለች። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት መጥቼ አይሻለሁ።»

«ና። ግን ከገባህ የምትለውን እወቅ። አንድ ጊዜ ብቻ ብለኸው አይቀርም፤ በየሳምንቱ ልትለው ነው። ‹ዛሬ ደግሞ በጣም ጥሩ ታያለሽ› ልትለኝ ነው፤ እኔ ምንም ሳላይ። ይሆንልሃል?»

እጄን እንደያዘች ነበር።

«እሺ» አልኳት።